ቁጥር 7 የት ገባ? ካሜራ ብዙ ተንቀሳቃሽ ነገሮችን የሚከታተልበት መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ። ልጁ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፤ እጁ አያርፍም። ስልኩን የበረንዳው ብረት ላይ ደገፈና ታች ያለውን መንገድ ለአንድ ደቂቃ ቀረጸ።

«ጋሼ፣ ስንት ባጃጅ አለፈ?» አለኝ።

ቪዲዮውን እያየሁ በጣቴ ቆጠርኩ። 14። እሱ ደግሞ ያንኑ ቪዲዮ ላፕቶፑ ላይ ለጫነው ነፃ ፕሮግራም ሰጠው። ፕሮግራሙ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ በሳጥን በሳጥን ከበበ። በየሳጥኑ አናት ላይም ቁጥር ለጠፈ። ባጃጅ ላይ የተለጠፉትን ቁጥሮች ለብቻ ስንለቅም 22 ሆኑ።

ስምንት ባጃጅ ከየት መጣ?

ወደ ኋላ መልሰን በዝግታ አየነው። ቁጥር 7 የተባለው ባጃጅ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ገባ። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ቁጥር 12 ሆኖ ወጣ። ያው ባጃጅ ነው። ያው ሹፌር ነው። ኋላው ላይ የተለጠፈችው የአርሴናል መድፍ እንኳ ያችው ናት። ለማሽኑ ግን 7 ጠፋ፣ 12 ተወለደ።

ይቺ ስህተት ትንሽ ትመስላለች። ግን የአንድ ሙሉ የጥናት ዘርፍ ዋና ራስ ምታት ናት። ባለሙያዎቹ ዘርፉን «መልቲ ኦብጀክት ትራኪንግ» ይሉታል። በእኛ አፍ፣ በቪዲዮ ውስጥ ብዙ ተንቀሳቃሽ ነገሮችን እያንዳንዳቸውን ሳያምታቱ በአንድ ጊዜ መከታተል ማለት ነው። በየከተማው ካሜራ በተተከለ ቁጥር፣ የኳስ ኦፍሳይድ በኮምፒውተር በተወሰነ ቁጥር «ካሜራው እኮ ሁሉን ያውቃል» ሲባል እሰማለሁ። እስቲ ምን እንደሚያውቅ እንየው።

ማየትና መከታተል አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቪዲዮ የሚባለው ቶሎ ቶሎ የሚገላበጥ የፎቶ ክምር ነው። አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። የተለመደ የስልክ ካሜራ በሰከንድ 30 ፍሬም ያነሳል። የእኛ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንግዲህ 1,800 ፎቶ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ያለውን ነገር ማግኘት ነው። እዚህ ሰው፣ እዚያ መኪና፣ ከጥጉ ፈረስ። ይህን የሚሠራውን ፕሮግራም «አግኚ» እንበለው። በዚህ ሥራ ማሽኖች ከጊዜ ወደ ጊዜ ጎበዝ ሆነዋል። በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዮሎ ነው (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው)። ስሙ «የምታየው አንዴ ብቻ ነው» ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል የተመጠነ ነው። ፎቶውን በየቁራጩ እየደጋገመ ከመፈተሽ ይልቅ አንዴ በሙሉ አይቶ ሳጥኖቹን ስለሚያወጣ ነው እንዲያ የተባለው። ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል።

አግኚው ግን ትዝታ የለውም። ፎቶ ቁጥር 500ን ሲያይ 499ን አያስታውስም። «እዚህ ባጃጅ አለ» ይላል። «ይሄ ቅድም ያየሁት ባጃጅ ነው» ማለት አይችልም።

እረኛን አስቡት። ላሞቹ ሜዳ ላይ መኖራቸውን ማየት አንድ ነገር ነው፤ እሱን መንገደኛም ያየዋል። እረኛው የሚለየው ቦራዋ ከቁጥቋጦ ጀርባ ገብታ ስትወጣ «ይቺ ቦራዋ ናት፣ ዳለቻው ደግሞ ገና አልወጣም» ስለሚል ነው። መከታተል ይሄ የእረኛው ሥራ ነው።

ስለ አግኚው አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፣ እኛን ስለሚነካ። ብዙዎቹ ነፃ ፕሮግራሞች የተማሩት ኮኮ በተባለ የፎቶ ስብስብ ነው። ስብስቡ ውስጥ 80 ዓይነት ነገር አለ። ሰው፣ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ላም፣ ጃንጥላ፣ ዝሆን ሳይቀር አለ። ባጃጅ የለም። አህያም የለችም። ስለዚህ ማሽኑ የእኛን ባጃጅ አንዴ «መኪና»፣ አንዴ «ሞተር ሳይክል» ይለዋል። የጭነት አህያ ስታልፍማ ፈረስ ናት ብሎ ድርቅ አለ። ፕሮግራሙ በየዓይነቱ ለይቶ የሚከታተል ከሆነ ደግሞ መዘዙ ይብሳል። «መኪና ቁጥር 9» በመሃል መንገድ «ሞተር ሳይክል ቁጥር 15» ይሆናል። ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣ። ህንዶች ለራሳቸው መንገድ ባዘጋጁት ስብስብ ውስጥ ባጃጅን ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው አስገብተውታል።

ታዲያ «ያው ነው» የሚለው በምን አውቆ ነው?

የመጀመሪያው ፍንጭ ቦታ ነው። በሰከንድ 30 ፎቶ ከተነሳ በአንዱና በሚቀጥለው ፎቶ መካከል ነገሮች ብዙ አይርቁም። እናስላው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። ለ30 ሲካፈል በአንድ ፍሬም 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጁ ራሱ ሁለት ሜትር ተኩል ግድም ይረዝማል። ስለዚህ አዲሱ ሳጥን በአሮጌው ሳጥን ላይ ሊደረብ ምንም አይቀረውም።

መደራረቡ የሚለካው እንዲህ ነው። መሶብ ላይ ሁለት እንጀራ ጎን ለጎን አነባብራችሁ ዘርጉ። ሁለቱ የተደራረቡበትን ስፋት ውሰዱ። ሁለቱ አንድ ላይ ለሸፈኑት ጠቅላላ ስፋት አካፍሉት። ልክ በልክ ከተነባበሩ መልሱ 1 ነው። ጭራሽ ካልተነካኩ 0 ነው። ለሳጥኖችም ያው ስሌት ነው። ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ «ያው ሳይሆን አይቀርም» ይባላል።

አሁን ካሜራው ርካሽ ሆኖ በሰከንድ አንድ ፎቶ ብቻ ቢያነሳስ? ባጃጁ በፎቶና በፎቶ መካከል ከ8 ሜትር በላይ ይዘላል። ሳጥኖቹ አይነካኩም። እንጀራዎቹ በተለያየ መሶብ ላይ ናቸው ማለት ነው። በዚያ ላይ አሮጌው ሳጥን በነበረበት ቦታ ከኋላ የመጣ ሌላ ባጃጅ ይቆምበታል። ማሽኑም «አገኘሁት» ብሎ የማይገባውን ቁጥር ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ለመከታተል የጥራት ብቻ ሳይሆን የፍጥነትም ጉዳይ የሚነሳው።

ሁለተኛው ፍንጭ ግምት ነው። ባጃጅ ከአይሱዙ ጀርባ ሲገባ እኛ ምን እናደርጋለን? ዓይናችን አይሱዙው ላይ አይቀርም። ቀድሞ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሄዶ ይጠብቃል። የመጣበትን ፍጥነት ስለምናውቅ መቼ ብቅ እንደሚል ሳናስበው አስልተነዋል።

ማሽኑ ይህን የሚያደርገው በካልማን ማጣሪያ ነው። ሩዶልፍ ካልማን ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ የሠራ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ይህ ስሌት ብዙም ሳይቆይ ሰዎችን ጨረቃ ያደረሱትን የአፖሎ መንኮራኩሮች አቅጣጫ ለማስላት ዋለ። ዛሬ ባጃጅ ይጠብቃል።

የስሌቱ ብልሃት ሁለት ነገር አብሮ መያዙ ነው፤ ግምቱንና ግምቱን ምን ያህል እንደሚያምነው። ልጇን ሱቅ የላከች እናት አስቡ። አምስት ደቂቃ ሲሆን የሱቁን በር ታያለች። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ሰፈሩን ሁሉ ታማትራለች። ልጁ በቆየ ቁጥር «የት ይሆናል» የምትለው ቦታ እየሰፋ ይሄዳል። ካልማንም ባጃጁ በተደበቀ ቁጥር የሚጠብቅበትን ክልል ያሰፋል። እንደገና ሲያየው ግምቱንና ያየውን አመዛዝኖ ያርማል፤ ክልሉንም መልሶ ያጠባል። በየፍሬሙ ይገምታል፣ ያያል፣ ያርማል።

ድክመትም አለው። በነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የተለመደው አጠቃቀሙ ነገሩ በያዘው ፍጥነት፣ በያዘው አቅጣጫ እንደሚቀጥል ያስባል። የባቡር ሐዲድ ላይ ቢሆን እሺ። የእኛ ሰው ግን «ወራጅ አለ!» ይላል። ሹፌሩ ካለበት ጥጉን ይዞ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዴም እዚያው ይዞራል። ካልማን «ወራጅ አለ» የሚለውን አይሰማም። እሱ ወደፊት ሄዶ እየጠበቀ ነው።

ሦስተኛው ነገር ማደል ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይሄ ነው። በቀደመው ፍሬም 10 ባጃጅ ነበር እንበል። ለ10ሩም ግምት ተይዟል። አሁን በአዲሱ ፍሬም 10 ሳጥን ተገኝቷል። የትኛው ሳጥን ለየትኛው ግምት?

«ለእያንዳንዱ ቅርቡን መስጠት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ቀላል ምሳሌ ላምጣ። ሁለት ተሳፋሪዎች ኮንትራት ባጃጅ ፈለጉ፤ አንዱ አራዳ፣ ሌላው ማራኪ። ሁለት ባጃጆች አሉ። የመጀመሪያው ባጃጅ አራዳው ሰውዬ ዘንድ በ3 ደቂቃ፣ ማራኪው ዘንድ በ4 ደቂቃ ይደርሳል። ሁለተኛው ባጃጅ አራዳ በ4፣ ማራኪ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ቅርብ ለቅርብ ካልን የመጀመሪያውን አራዳ እንልከዋለን፤ 3 ደቂቃ። ለማራኪው የቀረለት የ15 ደቂቃው ነው። ድምሩ 18። ብናለዋውጣቸው ግን 4 እና 4 ነው። ድምሩ 8። አንዷን ደቂቃ ስንሰስት አሥር ደቂቃ ጣልን። ሳጥንም እንዲሁ ነው። ለአንዱ በጣም የሚመቸው ምርጫ ሌላውን ያለ ቦታው ይጥለዋል።

እንግዲያው ሁሉንም አማራጭ እንሞክር? 10 ግምትና 10 ሳጥን በ3,628,800 መንገድ ይጣመራሉ። 20 ሲሆኑ ከ2 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ነው። በሰከንድ 30 ጊዜ ይሄን የሚሞክር ላፕቶፕ የለም።

መፍትሔው የሃንጋሪ ዘዴ ይባላል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1955 ነው ያሳተመው። ኬኒግና ኤገርቫሪ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት ቀድመው በሠሩት ላይ ስለተመሠረተ ስሙን ለእነሱ ሰጠ። ጨዋ ሰው ነበር። ዘዴው ሁሉንም ሳይሞክር ጠቅላላ ድምሩ ትንሹ የሆነውን ድልድል በእርግጠኝነት ያገኛል። የሚገርመው በ2006 የታወቀው ነገር ነው። ጀርመናዊው ካርል ያኮቢ ይህንኑ ከኩን መቶ ዓመት ቀድሞ ፈትቶት ኖሯል። ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1890 ነበር፤ ያውም በላቲን።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያሰረው ሶርት የተባለ ዘዴ በ2016 ወጣ። አግኚው ሳጥን ያወጣል፣ ካልማን ይገምታል፣ የሃንጋሪው ዘዴ ያድላል። በቃ። ቀላልነቱና ፍጥነቱ ሰዉን አስደነቀ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ ዘዴዎች የዚሁ ልጆች ናቸው።

አዲስ ቁጥር መቼ ይወለዳል? መቼስ ይሞታል?

አግኚው አንዳንዴ ጥላን ሰው ይላል። ግድግዳ ላይ የተሳለ የማስታወቂያ ፊትም ሰው ይሆንበታል። ስለዚህ አንዴ ለታየ ነገር ሁሉ ቁጥር አይሰጥም። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል አይደል? ማሽኑም ይታገሳል፤ ትዕግሥቱ ግን በፍሬም ነው። በብዙ ፕሮግራሞች ሦስት ፍሬም ተከታትሎ የታየ ቁጥር ይወጣለታል።

ሞቱም እንዲሁ በፍሬም ነው። የጠፋ ነገር ወዲያው አይሰረዝም። ዝግጁ ሆነው በሚመጡ ፕሮግራሞች ላይ የተለመደው 30 ፍሬም መጠበቅ ነው። አንድ ሰከንድ! ሠልስት እንኳ አይጠብቅም።

ለምን አይረዝምም? ብዙ ከጠበቀ የሞተውን ቁጥር በአጋጣሚ እዚያ ቦታ የደረሰ ሌላ ሰው ይወርሰዋል። ትንሽ ከጠበቀ ያው ሰው ሁለት ቁጥር ይኖረዋል። የእኛ ቁጥር 7 የሞተው በዚሁ ነው። ባጃጁ አይሱዙው ጀርባ ተሳፋሪ ለመጫን ለሦስት ሰከንድ ያህል ቆሞ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ከቀበረው ሁለት ሰከንድ አልፎታል።

ሁሉም ነጭ ሲለብስስ?

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የሚያጅበውን ሕዝብ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጋቢ። ሰው በሰው ላይ ነው። አንዱ ሌላውን ይጋርደዋል፤ ሁሉም ባንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ቦታና ግምት ብቻ ይዞ እዚህ መግባት እንደ ሦስት ካርታ ጨዋታ ነው። ካርታ አገላባጩ «ቀይዋን ያየ!» እያለ ሲያምታታ፣ ሦስቱም ጀርባቸው አንድ ስለሆነ ዓይናችሁን የነቀላችሁ ቀን ብራችሁ ሄደ።

የሚጨመረው ፍንጭ መልክ ነው። በ2017 የመጣው ዲፕሶርት በየሳጥኑ ውስጥ ያለውን ምስል በ128 ቁጥሮች ዝርዝር ይጠቀልለዋል። ቁጥሮቹ የልብስ ቀለም፣ የቅርጽ፣ የአለባበስ ምልክት ድብልቅ ናቸው። አንዱን ነጥለህ «ይሄ የጃኬቱ ቀለም ነው» ማለት አይቻልም። ግን የአንድ ሰው ሁለት ፎቶዎች ተቀራራቢ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ የሁለት ሰዎች ፎቶ የተራራቀ ዝርዝር ይሰጣል። ስለዚህ ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ ተጋርዶ ሲወጣ ቦታው ባይገጥም እንኳ መልኩ ይመሰክርለታል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ አይታችኋል? የመላእክቱ ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ቆይቶ ላስተዋለ ሰው የዓይናቸው አቅጣጫ ይለያል፤ ቅንድቡ ይለያል። ጎበዝ የመልክ ለኪ የሚባለው ያቺን የቅንድብ ልዩነት የሚይዘው ነው።

ይሁንና ጥምቀት ላይ እሱም ላቡ ጠብ ይላል። ነጭ ለነጭ የ128ቱ ቁጥሮች ዝርዝርም ይቀራረባል። በማግስቱ ጠዋት፣ ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ልብሳቸውን እየጣሉ ሲዘሉበትማ ጭራሽ ሌላ ነው። ነጭ ለብሶ ዳር ቆሞ የነበረው ልጅ ራቁት ጀርባ ሆነ። ጠለቀ። ሌላ ቦታ ጭንቅላት ብቻ ሆኖ ብቅ አለ። መልኩ ተለውጧል፣ ቦታው ተለውጧል፣ ፍጥነቱም ተለውጧል። ሦስቱም ፍንጭ ባንዴ ከዳ። እናቱ ግን ከዳር ሆና ትለየዋለች።

ተመራማሪዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። በ2022 ዳንስትራክ የተባለ የቪዲዮ ስብስብ ይፋ ሆነ። ውስጡ የሞላው ባብዛኛው አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ ቦታ የሚቀያየሩ ጨፋሪዎች ናቸው። በሌሎች ቪዲዮዎች ላይ አንደኛ የወጡ ዘዴዎች እዚህ ሲመጡ ውጤታቸው አሽቆለቆለ።

አንድ ሌላ ብልሃት ደግሞ ከቆሻሻ ቅርጫት ተገኘ። አግኚው ለየሳጥኑ የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል። ሙሉ ሰውነቱ የታየ ሰው 0.9 ያገኛል። ግማሹ በጃንጥላ የተጋረደ 0.3 ያገኛል። ቀድሞ ዝቅተኞቹ ይጣሉ ነበር። ባይትትራክ የተባለው ዘዴ በ2021 «አትጣሉ» አለ። መጀመሪያ ባለ ከፍተኛ ነጥቦቹን አድል። ከዚያ ሳጥን ያላገኘ ቁጥር ካለ ከዝቅተኞቹ መካከል ፈልግለት። ሰውዬው ይኖርበታል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ 0.3 ያገኘች ሳጥን ካለች፣ ያቺ ሰውዬው ናት፤ ተጋርዶ ነው እንጂ አልጠፋም። ያን ያህል ቀላል ነገር ነው። ውጤቱ ግን ብዙ የተወሳሰቡ ዘዴዎችን አስከነዳ።

ካሜራው ማን እንደሆንኩ ያውቃል ማለት ነው?

በዚህ ዘዴ ብቻ፣ አያውቅም። ቁጥር 7 ስም አይደለም። መታወቂያም አይደለም። «በዚህ ቪዲዮ ውስጥ ሰባተኛ ያየሁት ነገር» ማለት ነው። ቪዲዮው ሲያልቅ ቁጥሩም ያልቃል። ነገ እዚያው ቦታ ብታልፉ ሌላ ቁጥር ይወጣላችኋል።

ፊት አይቶ ከተመዘገበ ስም ጋር ማመሳከር ሌላ ቴክኖሎጂ ነው። ፒያሳ ያለ ካሜራ ያየውን ሰው አዘዞ ያለ ካሜራ መልሶ እንዲለየው ማድረግም ሌላ ነው፤ ያኛው በመልክ ዝርዝሩ ላይ ይመሠረታል። ሰዎች ሦስቱን አንድ አድርገው ይፈሯቸዋል፤ ወይም አንድ አድርገው ይንቋቸዋል። ለየብቻቸው ናቸው። ግን መገጣጠም ይችላሉ። መከታተያው ላይ ፊት መለያ ከተደረበ ቁጥር 7 ስም አገኘ ማለት ነው። ያለፈበት መንገድ ሁሉ ደግሞ ቀድሞ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

የዮሎ ፈጣሪ ጆሴፍ ሬድመን በ2020 ይህን ምርምር ማቆሙን ተናግሯል። ምክንያቱ ለጦርነት መዋሉና የሰው ገመና ጉዳይ እንደሆነም አልደበቀም። በእኛም አገር የግለሰብ መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። አንድ ካሜራ ሲተከል መጠየቅ ያለበት እንግዲህ «ይከታተላል ወይ?» ብቻ አይደለም። ከምን ጋር ተያይዟል? ቅጂው ስንት ቀን ይቀመጣል? የሚያየውስ ማነው?

ጎበዙ ከሰነፉ በምን ይለያል?

በውድድር። ሰዎች ተቀምጠው ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም በእጃቸው ቁጥር ይሰጡታል፤ አሰልቺ ሥራ ነው። የማሽኑ መልስ ከእነሱ ጋር ይነጻጸራል። ሞትቻሌንጅ የሚባለው መድረክ ከ2015 ጀምሮ ይህን ያደርጋል። የሚቆጠሩት ስህተቶች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ያለውን አለማየት፣ የሌለውን ማየት፣ ቁጥር ማምታታት። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ሞታ የተባለው መለኪያ ሦስቱን ደምሮ ይቀንስ ነበር። ጣጣው ማምታታት በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ውጤቱ ውስጥ መዋጡ ነው። ብዙ ያየ ተማሪ ቢያምታታም ያልፍ ነበር። በ2020 የመጣው ሆታ የተባለ መለኪያ ማየትንና አለማምታታትን እኩል አድርጎ ይመዝናል።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

ኳስ የሚወድ ሰው መልሱን አይቶታል። በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ላይ በየስታዲየሙ ጣሪያ ሥር 12 ካሜራ ተተክሎ ነበር። የእያንዳንዱን ተጫዋች 29 የሰውነት ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተላል። ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ የራሱን ተመሳሳይ ዘዴ ይዞ ገባበት። አሁን ቁጥር ማምታታት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡ። አጥቂውና ተከላካዩ ተጠላልፈው ሲላቀቁ ቁጥራቸው ከተቀያየረ ኦፍሳይድ የወጣው እግር የሌላው ሰው ይሆናል። ለዚያም ነው ካሜራው አንድ ሳይሆን 12 የሆነው፤ ከዚህ ሲጋረድ ከዚያ ይታያል። የሰው ዳኛም አሁንም አረጋግጦ ነው የሚያጸድቀው። አፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) ሲጫወቱ በአንድ ስልክ ቀርጸን ለመሞከር አስበን ነበር። አንድ ዓይነት ማሊያ የለበሰ 11 ሰው! ማዕዘን ምት ሲመታማ ዳንስትራክ ማለት ነው።

ወደ ሰሜን ተራሮች አቅጣጫ ስትሄዱ የምታገኟቸው ጭላዳዎችም የዚህ ሥራ ባለጉዳዮች ናቸው። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ጭላዳዎችን በድሮን ከላይ ቀርጾ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዚሁ መንገድ ተከታትሏል። አንገታቸው ላይ መሣሪያ ማሰር አላስፈለገም። ሐኪሞችና ባዮሎጂስቶች ደግሞ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚርመሰመሱ ሕዋሳትን ይከታተሉበታል። እነሱ ዘንድ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሕዋስ ለሁለት ይከፈላል። ቁጥር 7 ሁለት ልጅ ሲወልድ ቁጥሩን ማን ይውረስ?

ታዲያ የእኛ 22 ምን ሆነ?

የእህቴ ልጅ ስህተቱ የት እንደሆነ ወዲያው ገባው። እኛ የቆጠርነው ባጃጅ አልነበረም። የወጡትን ቁጥሮች ነበር የቆጠርነው። ቁጥር በተቆረጠ ቁጥር አንድ ባጃጅ ሁለት ይሆናል። መንገድ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች እንዲህ አያደርጉም። ቪዲዮው ላይ መስመር ይሰምራሉ፤ መስመሩን የተሻገረውን ብቻ ይቆጥራሉ። መስመሩ የሚሰመረው ምንም የሚጋርድ ነገር በሌለበት ቦታ ነው። ባጃጁ ከዚያ በፊት 7፣ ከዚያ በኋላ 12 ቢሆንም ግድ የለም። በተሻገረባት ቅጽበት አንድ ቁጥር ይዞ ከተሻገረ በቂ ነው።

አይሱዙው ከቆመበት ራቅ አድርጎ መስመር ሰመረ። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳው። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ቁጥሩ ወጣ፤ 15።

«አሁንም አንድ ጨምሯል» አልኩ። እኔ 14 ነው ያልኩት፤ በጣቴ ነው የቆጠርኩት።

ሦስተኛ ጊዜ አየነው፤ በጣም በዝግታ። ሃያኛው ሰከንድ ላይ ሁለት ሰማያዊ ባጃጆች፣ አንዱ ያንዱን ጭራ ይዞ፣ እንደ አንድ ሆነው ያልፋሉ። በመካከላቸው ያለችው ክፍተት ክንድ አትሞላም። ማሽኑ በሁለቱም ላይ ሳጥን አድርጓል፤ 18 እና 19።

ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። አክባሪ ልጅ ነው፤ ምንም አላለም። እኔም ሒሳቡን ከፈልኩ።